የሚስተካከል የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ልክ መሆኑን እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

ከወለምታ ወይም ከስብራት ለሚያገግም እግር የሚታዘዘው መደገፊያ፣ ብዙዎች ብሬስ የሚሉት፣ ተቀምጠው ሲያስሩት ሁልጊዜ ልክ ይመስላል። ጉድለቱ የሚታወቀው ታካሚው ሲቆም፣ ሲራመድና ማታ እግሩ ሲያብጥ ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ከመደገፊያው ጫፍ የሚያልፍ ስስ የጥጥ ካልሲ፣ እስክሪብቶ፣ የሰውነት ሚዛንና ታካሚው የሚያዘወትረውን ባለማሰሪያ ጫማ ያዘጋጁ። ሐኪሙ እግሩ ላይ ስንት ኪሎ እንዲያሳርፍ እንደፈቀደ ሳያውቁ አይጀምሩ። ከወጌሻ በቀጥታ የመጣ፣ ኤክስሬይ ያልተነሳና አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ያቃተው ሰው ከሆነ መደገፊያው ይቆይ፤ መጀመሪያ ኤክስሬይ ይነሳ።

1. ልኬት። ሜትሩን ከተረከዙ ጫፍ አንስተው እግሩ ከፊት እስከሚታጠፍበት መስመር ዙሪያውን ይለኩ። ጠዋት ለክተው ማታ ይድገሙት። የቁጥሩ አሰጣጥ በየአምራቹ ስለሚለያይ ከማሸጊያው ሰንጠረዥ ጋር ያስተያዩ። ጠዋትም ማታም ማሰሪያው በደንብ ተደራርቦ የሚለጠፍበትን ቁጥር ይምረጡ።

2. አስተሳሰር። አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ታካሚው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ውስጥ እግሩም ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ። እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ጣቶቹ ወደ ታች ባዘነበሉበት ከታሰረ ሲቆም ተረከዙ ከቦታው ይነሳል፣ ማሰሪያውም የእግሩን ጀርባ ይቆርጠዋል። ተረከዙን እስከ ኋላ ገፍተው ያስገቡ፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይሰሩ፦ መጀመሪያ እንደ ጫማ የሚታሰረውን ክር ካለው እሱን፣ ቀጥሎ ተጠላልፈው የሚያልፉትን ማሰሪያዎች፣ በመጨረሻ የላይኛውን። እግሩ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ የውጪው ጅማት ለተጎዳበት ሰው፣ በውስጥ እግር ስር አልፎ በውጪ በኩል ወደ ላይ የሚወጣው ማሰሪያ ጠበቅ ማለት አለበት። በየማሰሪያው ስር አንድ ጣት መግባት ይኖርበታል።

3. ደምና ነርቭ። የአውራ ጣቱን ጥፍር እስኪነጣ ተጭነው ይልቀቁ። ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከጤነኛው እግር ጋር ያነጻጽሩ። በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ሲነኩት ይሰማው እንደሆነ ይጠይቁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቁስል እየተፈጠረም ላይሰማው ስለሚችል «አያመኝም» ማለቱ በቂ አይደለም፤ ቆዳውን በዓይን ማየት ግድ ነው። መደገፊያው እንደ ቡት ጫማ እስከ ጉልበት የሚደርስ ዓይነት (ቡት) ከሆነ፣ የላይኛው ጫፉ ከጉልበት በታች በውጪ በኩል ያለውን እብጥ አጥንት መጫን የለበትም፤ ነርቭ በዚያ ያልፋልና።

4. ይይዛል ወይ? ታካሚው ራሱ ውስጥ እግሩን በዝግታ ወደ ውስጥ ያዙር፤ እርስዎ አያስገድዱት። ከጤነኛው እግር በግልጽ ያነሰ መዞር አለበት። ካልሆነ ተረከዙ አልገባም ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መደገፊያው ዲግሪው የሚስተካከል ማጠፊያ ካለው፣ ዲግሪውን የሚወስኑት የውስጡና የውጪው ፒን አንድ ቁጥር ላይ መሆናቸውን ሳያጠልቁት በፊት አጥፈው ይሞክሩ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ክፈፉ ይጣመማል። ማጠፊያው ከቁርጭምጭሚት አጥንቶቹ ትይዩ ካልሆነም በየእርምጃው መደገፊያው ባቱ ላይ ይንሸራተታል።

5. መቆምና መራመድ። ጤነኛውን እግር ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ባለው ጠንካራ ጣውላ ላይ፣ የተጎዳውን ሚዛኑ ላይ ያኑሩ። ታካሚው ጠረጴዛ ይዞ ቀስ በቀስ ይጫን። የተፈቀደው 20 ኪሎ ከሆነ 20 ሲያነብ ያቁም፤ ክብደቱን በስሜቱ እንዲያውቀው ደጋግሞ ይሞክር። ከዚያ የማሰሪያዎቹን ጫፍ በእስክሪብቶ ምልክት አድርገው ጫማ አልብሰው፣ ክራንች ከታዘዘለትም በክራንች፣ 20 እርምጃ ያህል ያራምዱት። ምልክቱ ከቦታው ከሄደ ቬልክሮው (የማሰሪያው ተለጣፊ ክፍል) ክርና ፀጉር ይዞ ይሆናል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱት። ጫማው ከጠበበ የውስጥ ንጣፉን ያውጡ። ቡት ለሚያደርግ ሰው ሌላኛው ጫማ ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ አለዚያ እያነከሰ ወገቡን ያመዋል።

6. ቆዳ። ሐኪሙ ማውለቅ ከፈቀደ ከ30 ደቂቃ በኋላ አውልቀው ሁለቱን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች፣ ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማትና በትንሿ ጣት በኩል የእግሩን ጠርዝ ይመልከቱ። መደገፊያው ቆዳው ላይ የተወው ምልክት በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ያ ቦታ እየተጫነ ነው። ጥጥ በቀጥታ እላዩ ላይ አያድርጉ፣ ጫናውን ይጨምራል፤ ስፖንጅ እንደ ቀለበት ቆርጠው በዙሪያው ያድርጉ።

ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ያላሉት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተመለሰ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ባት ብቻውን ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ፤ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተከተለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

እብጠቱ ሲቀንስ ልክ የነበረው መደገፊያ ይላላል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ዙሪያውን ለክተው ከሁለተኛው ደረጃ ጀምረው ይድገሙት።