ቆሌ፣ ውቃቢና አድባር፦ የትኛውን የት እንጠቀም?

ሦስቱም በድሮው እምነት ሰውን ወይም ቦታን የሚጠብቁ መንፈሶች ናቸው። ዛሬ የማያምንባቸውም ሰው ይጠራቸዋል፤ ግን አንዱን በሌላው ቦታ ካስገቡት ንግግሩ ይሰበራል።

መጀመሪያ ግሱን ይያዙ። ቆሌ «ይገፈፋል»፦ ድንገት የደነገጠ፣ ፊቱ አመድ የመሰለ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ይባላል። ውቃቢ «ይወዳል»፣ «ይርቃል»ም። ምክንያቱን ሳያውቁ ሰው ካስጠላዎት «ውቃቢዬ አልወደደውም» ይበሉ። ጭር ያለ፣ ለዛ ያጣ ቤት ደግሞ «ውቃቢ የራቀው» ነው። «ውቃቢው ተገፈፈ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል።

አድባር የቦታ ነው፤ በገጠር ብዙ ጊዜ ከትልቅ ዋርካ ጋር ይያያዛል። ሰፈሩ የሚከበርበትን አዛውንት «የሰፈሩ አድባር» ማለት ምስጋና ነው። ቃሉ በግዕዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ነው፤ በአማርኛ ግን እንደ ነጠላ፣ ብዙውን ጊዜም በሴት ጾታ ይነገራል፦ «አድባሯ ትከተልህ»። «አድባራት» ካሉ አብያተ ክርስቲያናት ይሆንብዎታል።

«ቆሌ ቢስ» ስድብ ነው፤ በቀልድም ቢሆን ለታላቅ አይባልም። ውቃቢ ከዛር ጋር ስለሚነካካ፣ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ፊት «ደስ አላለኝም» ብሎ ማለፍ ይሻላል።