የኦስካር ግምት ጨዋታ፦ ሐዋሳ ላይ ሳይጨቃጨቁ ለመጫወት

ከሁሉ በፊት ሰዓቱ ላይ ተስማሙ። የኦስካር ፊልም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ሎስ አንጀለስ ላይ እሁድ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ እኛ ጋ ግን እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ነው። «እሁድ ማታ» ብቻ ብላችሁ ከተቃጠራችሁ ግማሹ ሰው በቀን ይሳሳታል። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ የእኛም መመልከቻ ሰዓት ከዓመት ዓመት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2025 (ዓ.ም. ካልተባለ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥነ ሥርዓቱ ማርች 2 ስለዋለ እዚህ የጀመረው ሌሊት 9 ሰዓት ነበር፤ የ2026ቱ ግን ማርች 15 ስለሆነ እዚህ መጋቢት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ዝግጅቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ሰኞ ሥራ ያለው ሰው ባይነሣ ይሻለዋል። ጨዋታው እንደሆነ ተኝቶም ይቻላል፦ እያንዳንዱ አሸናፊ ይሆናል ያለውን የጻፈበት ወረቀት እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይሰበሰባል፣ ውጤቱ ሰኞ ማለዳ ማኪያቶ ላይ ይቆጠራል።

ወረቀቱን የሚሰበስበው የማይጫወት ሰው ይሁን። ግምትን በቴሌግራም ጽሑፍ መላክ ጠብ ያመጣል፤ የተላከ መልእክት መታረም ይችላላ።

ነጥብ አሰጣጡ ላይ ትንሽ አስቡ። ከ2026 ጀምሮ የተዋናይ መረጣ ሥራ የራሱ ሽልማት ስላገኘ ዘርፎቹ 24 ሆነዋል። ለሁሉም እኩል አንድ ነጥብ ከተሰጠ፣ ማንም ያላያቸውን ሦስቱን የአጫጭር ፊልም ዘርፎች በዕድል የገመተ ሰው ጨዋታውን ይወስዳል። ለምርጥ ፊልም 3፣ ለዳይሬክተር፣ ለአራቱ የትወናና ለሁለቱ የስክሪፕት ዘርፎች 2፣ ለቀሪዎቹ 16 አንድ አንድ ስጡ፤ ድምሩ 33 ይመጣል። እኩል ለሚወጡ መለያ ጥያቄ አስቀድማችሁ አስገቡ፦ «ብዙ የሚያሸንፈው ፊልም ስንት ኦስካር ይወስዳል?» ኦስካሩ ራሱ ሁለት አሸናፊ ሊያወጣም ይችላል፤ በ2013 በድምፅ ኤዲቲንግ ሆኗል። እንደዚያ ሲሆን ሁለቱንም የገመቱ ነጥብ ያግኙ።

ከትወና ውጭ ባሉት ዘርፎች የሰው ስም ሳይሆን የፊልም ስም ይጻፍ። የምርጥ ፊልም ሽልማት የፕሮዲዩሰሮቹ ነው፣ የዘፈኑም የዘፋኙ ሳይሆን የደራሲዎቹ፤ ስም ከተጻፈ ክርክሩ አያልቅም። «ኦሪጅናል» ስክሪፕት ለፊልሙ አዲስ የተጻፈ፣ «አዳፕትድ» ደግሞ ከመጽሐፍ ወይም ከሌላ ሥራ የተወሰደ መሆኑንም ወረቀቱ ላይ በአማርኛ አብራሩት።

አሁን ወደ ግምቱ። ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ የዕጩነት ብዛት ነው። በ2025 «ኤሚሊያ ፔሬዝ» 13 ጊዜ ታጭቶ 2 ብቻ ሲያገኝ «አኖራ» ከ6ቱ 5ቱን ወሰደ። በ2022 «ኮዳ» ሦስት ታጭቶ ሦስቱንም፣ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ፣ ይዞ ሄደ።

ምክንያቱ ድምፅ አሰጣጡ ውስጥ ነው። በሌሎች ዘርፎች ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በምርጥ ፊልም ግን መራጮች አሥሩን ዕጩዎች ከአንደኛ እስከ አሥረኛ በደረጃ ያስቀምጣሉ፤ ጥቂት አንደኝነት ያገኘው ይወጣና የእሱ ወረቀቶች ወደ ቀጣይ ምርጫቸው ይዛወራሉ፤ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ እንዲህ ይቀጥላል። ስለዚህ ገሚሱ የሚያብድለት፣ ገሚሱ ደግሞ የሚጠላው ፊልም ይቸገራል። ሁሉም ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ የሚያስቀምጠውን ፈልጉ። የአሜሪካ ፕሮዲዩሰሮች ማኅበር ከኦስካር በፊት በሚሰጠው ሽልማት ይህንኑ ዘዴ ስለሚጠቀም የእሱ አሸናፊ ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ ለዳይሬክተር የዳይሬክተሮችን ማኅበር፣ ለትወና የተዋንያኑን ተመልከቱ። እዚያ የሚመርጡት ብዙዎች ኦስካርም ላይ ድምፅ አላቸው። ጎልደን ግሎብ የተባለውን ሌላ የፊልም ሽልማት የሚመርጡት ግን ጋዜጠኞች ስለሆኑ ብዙ አትመኩበት። ጠቋሚ ይስታልም፦ በ2025 የተዋንያን ማኅበር ዴሚ ሙርን መርጦ ኦስካሩን ማይኪ ማዲሰን ወሰደች።

የኢትዮጵያ ስም ያለበትን ዓመት በስሜት አትገምቱ። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ኔጋ በ2017 በዋና ተዋናይት፣ አቤል ተስፋዬ በ2016 በዘፈን ታጭተው ሁለቱም ሳያሸንፉ ተመልሰዋል። ልብ የሚለውንና እጅ የሚጽፈውን ለዩ።

ሌሊት የምትሰበሰቡ ከሆነ ስልክ ሙሉ ቻርጅ ይኑር፤ መብራት ቢሄድ ውጤቱን ኦስካርን ከሚሰጠው አካዳሚ ገጽ መከታተል ይቻላል። ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ለመክሰስ ቆሎ፣ ሻይና ሙዝ ይበቃል፤ እንደ 2018 ዓ.ም. ረመዳንም ሲገጥም ለሱሁር የሚነሣ ጓደኛ ካለ ወደ መጨረሻው ይደርሳል።

በገንዘብ አትወራረዱ፤ የመጨረሻው ሰው አሞራ ገደል ዓሣ ይጋብዝ። በጾም ዓሣ የማይበላ ካለ እስከ ፋሲካ በዕዳ ይያዝለት። አሸናፊውን ለማወጅም አትቸኩሉ፦ በ2017 የተሳሳተ ፖስታ ተከፍቶ «ላ ላ ላንድ» ተብሎ ከታወጀና ሰዎቹ መድረክ ላይ ማመስገን ከጀመሩ በኋላ ነው ሽልማቱ የ«ሙንላይት» መሆኑ የታወቀው።