«ገደሏት ወይስ ራሷን አጠፋች?» ከሚለው አትጀምሩ

ባለፈው እሁድ ዳላስ አጠገብ አንድ ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ቶናው ላይ የሳንድራ ብላንድ ስም ተነሳ፣ በ2015 እዚሁ ቴክሳስ ዓርብ ትራፊክ አስቁሟት ታስራ ሰኞ እስር ቤት ውስጥ ሞታ የተገኘችው፣ በረካው ሳይቀዳ ሁለት ሰው ተኳርፏል። አንዱ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ ጋሼ ናቸው። «ፖሊስ ሲያስቆምህ እሺ ብለህ ታልፋለህ። እሷ ግን ተመላለሰች» አሉ። ሌላዋ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ገድለዋት እኮ ነው! እስር ቤት ያነሷትን ፎቶ አላዩትም?» አለች። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም። ጋሼ ኮፍያቸውን አነሱ፣ እሷ ስልኳ ውስጥ ገባች።

እኔ ስኒ እየሰበሰብኩ አንድ ነገር ገባኝ። ጋሼ የሚያወሩት ስለ ዓርብ ነው። ልጅቷ የምታወራው ስለ ሰኞ ነው። ቅዳሜና እሁድን ያነሳ ሰው የለም።

እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ደግሞ አንዴ ብቻ አይመጣም። ትራፊክ አስቆመው፣ ታሰረ፣ ሞቶ ተገኘ የሚል ዜና በየጊዜው ይመጣል፣ እኛም በየጊዜው እንጣላለን። ስለዚህ ሳንድራ ብላንድን ይዤ እንዴት እንደምከራከር ላሳያችሁ። የእሷን የመረጥኩት ብዙው ነገር በሰነድና በቪዲዮ ስላለ ነው።

ቀኖቹን ለያዩ

ወረቀት አውጡ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ዓርብ፣ ጁላይ 10 ቀን 2015። የ28 ዓመቷ ሳንድራ ከቺካጎ አካባቢ ወደ ቴክሳስ መጥታለች፣ ድሮ በተማረችበት በፕሬሪ ቪው ዩኒቨርሲቲ ሥራ ልትጀምር። እዚያው አካባቢ ብራያን ኢንሲኒያ የሚባል የግዛቱ ፖሊስ አስቆማት። ጥፋቷ? መስመር ስትቀይር ፍሬቻ አላሳየችም። እሷ እንዳለችው ከኋላዋ እየከነፈ ሲመጣ አይታ መንገድ ልልቀቅለት ብላ ነው የተጠጋችው። ነገሩ ከረረና ታሰረች። ክሱ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ጥቃት ማድረስ ሆነ፣ ሄምፕስቴድ ከተማ ወዳለው የዎለር ካውንቲ እስር ቤት ገባች።

ቅዳሜና እሁድ። ዋስትናዋ 5,000 ዶላር ተባለ። ለመውጣት በእጅ የሚያስፈልገው ከዚያ ላይ አሥር በመቶው፣ ማለትም 500 ዶላር ገደማ ነበር። አልወጣችም።

ሰኞ፣ ጁላይ 13። ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ተሰቅላ ሞታ ተገኘች።

አሁን ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይለያያሉ። ማስቆሙ ልክ ነበር? ማሰሩስ? በፍሬቻ የተጀመረ ነገር እንዴት ሦስት ቀን አሳሰረ? እስር ቤቱ በእጁ ያለችውን ሰው ጠብቋል? እንዴት ሞተች የሚለው አምስተኛው ነው። ብዙ ሰው ግን ከአምስተኛው ይጀምርና እዚያው ይቀራል፣ ምክንያቱም ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ስለሌለ ሁሉም የፈለገውን መገመት ይችላል። ለአራቱ ግን ግምት አያስፈልግም፤ ቪዲዮም ወረቀትም አለ።

ቪዲዮውን ከመጀመሪያው እዩት

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚዞረው ፖሊሱ ቴዘር (በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ) ደግኖ «አነድሻለሁ!» የሚልበት ቁራጭ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ እሷ ስትሳደብ ያለውን ቆርጦ ይለጥፋል። ሁለቱም ቁራጭ እውነት ነው፣ ሁለቱም ግን ነገሩ ከፈነዳ በኋላ የመጣ ነው። ከመኪናው ካሜራ የተቀዳውን ሙሉውን ፈልጉና ከፊቱ ያለውን እዩ።

ፖሊሱ መንጃ ፈቃዷን ይዞ ወደ መኪናው ሄዷል፣ ወረቀቱን ጨርሶ ተመልሷል። ሊሰጣት የነበረው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ደህና ነሽ ወይ አላት። አንተን እየጠበቅኩ ነው፣ ሥራህ ነው አለችው። በጣም የተናደድሽ ትመስያለሽ አላት። አዎ፣ ተናድጃለሁ ብላ ምክንያቷን ነገረችው። «ጨረስሽ?» አለ። ምን ሆንሽ ብለህ ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ አለችው። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ነው ሲጋራሽን ብታጠፊው ቅር ይልሻል ወይ ያላት፣ እሷም መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሲጋራዬን ለምን አጠፋለሁ ያለችው፣ እሱም እንግዲያውስ ውጪ ያለው።

እዚህ ላይ አቁሙት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና «እስከዚህች ሰከንድ ድረስ ማን ምን አጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል፣ ሰጥቷት ቢሄድ ሁሉም ቤቱ ይገባ ነበር።

ስለ ቪዲዮው ሌላም ነገር ይነሳል። መጀመሪያ የወጣው ቅጂ ላይ መኪና ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ምስሉ ይደጋገማል። ተቆርጧል ተባለ። ባለሥልጣናቱ ሲጫን የተፈጠረ ችግር ነው ብለው በማግስቱ ሌላ ቅጂ አወጡ። ይህን ስታነሱ ሁለቱንም አንሱ። ደግሞ ሳንድራ ራሷ በስልኳ የቀረጸችው የ39 ሰከንድ ቪዲዮ አለ፣ ሕዝብ ያየው በ2019 ነው፣ ከሞተች አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ። ቤተሰቧ ከዚያ በፊት አላየነውም አሉ። «መረጃው ሁሉ ወጥቷል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህችን 39 ሰከንድ አስታውሱት።

ምክርና ፍርድ አትቀላቅሉ

ጋሼ ያሉት ለልጅ የሚሰጥ ምክር ከሆነ እስማማለሁ። እኔም ለወንድሜ ልጅ እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ ወረቀት ስታወጣ መጀመሪያ ተናገር፣ አትጨቃጨቅ፣ ቅሬታህን ነገ በጠበቃ ታነሳዋለህ እለዋለሁ። ሕይወት ለማትረፍ ነው። ግን «ብትጠነቀቅ ይሻል ነበር» ማለት አንድ ነገር ነው፣ «ጥፋቱ የእሷ ነው» ማለት ሌላ። ዝናብ ላይ ጃንጥላ ያልያዘ ሰው መኪና ጭቃ ቢረጨው ሹፌሩ ነፃ አይወጣም።

«ሕጋዊ ነው» የሚለውንም ከ«ልክ ነው» ለዩት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 ፔንሲልቬንያ በሚምስ ላይ በተባለው ጉዳይ ፖሊስ ያስቆመውን ሹፌር ከመኪና ውረድ ማለት ይችላል ብሏል። በ2001 ደግሞ፣ እዚሁ ቴክሳስ ቀበቶ ባለማሰር በታሰረች እናት ጉዳይ፣ በገንዘብ ብቻ በሚያስቀጣ ጥፋትም ማሰር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ወሰነ። በሌላ በኩል ሳንድራ ከመቆሟ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አፕሪል 2015፣ ያው ፍርድ ቤት ሰው ለቆመበት ጉዳይ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ያለ ምክንያት ማቆየት አይቻልም ብሏል። ስለዚህ «ሕጉ ይፈቅድለታል» የሚል ካለ፣ የትኛው ሕግ፣ ለየትኛዋ ደቂቃ ብላችሁ ጠይቁ። የሲጋራውን ነገር ሕግ አላዘዘም።

ፎቶውን ተዉት

የእህቴ ልጅ ያለችው ፎቶ ያኔ ዓለምን ዞሯል። ሞታ መሬት ላይ አስተኝተው ነው ያነሷት ተባለ። በዚያው ወር ካውንቲው ከእስር ቤቱ ካሜራ ቪዲዮ አወጣ። ስትራመድ፣ ፎቶ ስትነሳ፣ ስልክ ስትደውል ይታያል። ስለዚህ ይህን ወሬ አታንሱት። የሚጎዳው እሷን ነው፤ ሌላው ወገን እሱን አፍርሶ የቀረውንም ይጥልባችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ። በእኛ ቤት ራስን ማጥፋት በሹክሹክታ ነው የሚወራው። ለቅሶ ላይ እንኳ «በድንገት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ «ራሷን አጠፋች» ያለ ሰው ሟቿን የሰደበና ለፖሊስ ያደላ ይመስላል። «ገደሏት» ያለ ደግሞ ለእሷ የቆመ። የሐሪስ ካውንቲ የአስከሬን ምርመራ ራሷን ሰቅላ ነው ብሏል፣ ቤተሰቧ መጀመሪያ ላይ አልተቀበሉትም። እኔ የምለው፦ የምርመራውን ውጤት ብትቀበሉም እስር ቤቱ አያመልጥም። እንዲያውም ጥያቄው ይጠብቅበታል።

እዩት። ስትገባ ከተሞሉት ቅጾች በአንዱ ላይ ከዚህ በፊት ራሷን ለማጥፋት ሞክራ እንደነበር ተጽፏል፣ የሌላው ቅጽ መልስ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ይህን ያነበበ ሰው ምን አደረገ? የቴክሳስን የካውንቲ እስር ቤቶች የሚቆጣጠረው ኮሚሽን እስር ቤቱን በሁለት ነገር ጥፋተኛ ብሎታል፦ እስረኛን በየሰዓቱ ፊት ለፊት ሄዶ ባለማየትና ሠራተኞቹ ስለ አእምሮ ጤና መሠልጠናቸውን የሚያሳይ ሰነድ ባለማቅረብ። ክፍሏ ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ የቆሻሻ ከረጢት ነበር፣ ያለቀችው በእሱ ነው። ሰው ቆልፈህ ስትይዝ መጠበቁም ያንተ ነው። «ራሷ ናት» የሚለው መልስ ይህን አይመልስም።

«አልተከሰሱም» ሲባል ምን ማለት ነው

ዲሴምበር 2015 ግራንድ ጁሪው፣ ማለትም ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ የሚወስነው የዜጎች ቡድን፣ በሞቷ የሚከሰስ የእስር ቤት ሠራተኛ የለም አለ። ይህ ችሎት አይደለም፣ ነፃ ወጡ ማለትም አይደለም። ክስ ለመመሥረት በቂ አላየንም ማለት ነው፣ የሚሰማውም በዝግ ነው። በወሩ ፖሊሱ ተከሰሰ፣ ግን ስለ ሞቷ አይደለም። ከመኪና ያስወረድኳት ምርመራውን በደህና ለመቀጠል ነው ብሎ የጻፈው ሐሰት ነው ተብሎ፣ በሐሰት ምስክርነት። ከሥራ ተባረረ። በ2017 ዳግመኛ በፖሊስነት ላይሠራ ተስማምቶ ክሱ ተነሳለት። ቤተሰቧ በ2016 በ1.9 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፣ አብዛኛውን የሚከፍለው ካውንቲው ነው። «ገንዘብ ወስደው ዝም አሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። እናቷ ጄኔቫ ሪድ ቪል ዝም ያሉ ሴት አይደሉም። በስምምነቱ ላይም እስር ቤቱ ቀን ከሌት ነርስ ወይም የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ እንዲኖረው፣ ክፍሎቹ መታየታቸው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲመዘገብ ተጽፏል።

በ2017 ገዥው ግሬግ አቦት የሳንድራ ብላንድን ሕግ ፈረሙ። እስር ቤት የሞተን ሰው ጉዳይ ሌላ ገለልተኛ የፖሊስ ተቋም እንዲመረምር ያዛል፣ ስለ አእምሮ ጤናና ነገር ስለማብረድ ሥልጠናም አለው። ግን ረቂቁ ላይ የነበረው፣ በገንዘብ ብቻ በሚያስቀጣ ጥፋት ማሰርን የሚገድበው ክፍል ወጥቷል። ማለትም የሰኞው ተነካ፣ የዓርቡ ቀረ።

ወረቀት ጠይቁ

የነገ ዜና ሲመጣ ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ቴክሳስ ውስጥ ሰው በእስር ላይ ሲሞት የያዘው ተቋም በ30 ቀን ውስጥ ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ሪፖርት ማስገባት አለበት፣ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ነው። የቀረውን፣ ቪዲዮና የጥበቃ መዝገብ፣ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ምን ቀን፣ የትኛው ክፍል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። «ሁሉንም ስጡኝ» ያለ ምንም አያገኝም። ያልተፈረደበት ሰው ፋይል አንሰጥም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፣ ሟች ደግሞ ሊፈረድበት አይችልም፤ ይህ ቀዳዳ ቴክሳስን ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ቤተሰብ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጠበቃ ይዛችሁ ቪዲዮው እንዳይጠፋ የሚያዝ ደብዳቤ አስልኩ።

የታሰረው የእናንተ ሰው ከሆነና በሕይወት ካለ ደግሞ ክርክሩን ተዉት። እስር ቤቱ ጋ ደውሉ። መድኃኒት የሚወስድ፣ የሚጨነቅ፣ ከዚህ በፊት ራሱን ለመጉዳት የሞከረ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ዜግነት ያልወሰደ ከሆነ ቶሎ ልውጣ ብሎ ጥፋተኛ ነኝ እንዳይል፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጣጣውን የሚያውቅ ጠበቃ ያነጋግር። የዋስ ገንዘብ በዚያው ሌሊት አሰባስቡ፣ ሰኞ ይደርሳል አትበሉ።

ማክሰኞ ማታ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ስለ ፖሊሱም ስለ ፎቶውም አላነሳሁም። የዋስትናውን ነገር ብቻ ነገርኳቸው።

«ስንት ነው ያልከኝ?»

«አምስት መቶ ዶላር ገደማ።»

«ለሦስት ቀን?»

«አዎ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ተሰማኝ። «የእኛ የእቁብ አንድ እጣ እኮ አይሞላም» አሉና የእህቴን ልጅ ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ።