ፀጉር ሥራ ስትማሪ እጅሽን እንዴት ትጠብቂያለሽ?

ፀጉር ቤት ሙያ ልትማር ለገባች ልጅ መጀመሪያ የሚሰጣት ሥራ ማጠብ ነው። መቀሱም ካውያውም ለጊዜው የሌላ ሰው ነው። እሷ ማጠቢያው ጋ ቆማ ከጠዋት እስከ ማታ ጭንቅላት ታሻለች። ብዙ ሳይቆይ በጣቶቿ መሃል ያለው ስስ ቆዳ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል። «እስኪለምድሽ ነው» ትባላለች። እኔም በጊዜዬ ተብያለሁ። አልለመደኝም። ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ስንጥቁ እያቃጠለኝ አለቅስ ነበር፤ ቤት ያሉት ሽንኩርቱ ነው ብለው ይስቁብኛል።

(ወንድ ተማሪዎችም አላችሁ። ማጠቢያው ጋ የማየው በብዛት ሴቶችን ስለሆነ ግን «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።)

መጀመሪያ የሚጎዳሽን እወቂ

ሁሉም ሰው ቀለሙን ይፈራል። ተማሪን ቀድሞ የሚጎዳት ግን ውሃና ሻምፖ ነው። ሻምፖ ሥራው ቅባት ማንሳት ነው፤ የደንበኛዋን ፀጉር ሲያጸዳ የአንቺንም የእጅ ወዝ ይዞ ይሄዳል። እሷ በሳምንት አንዴ ትታጠባለች፣ አንቺ በቀን አሥራ አምስቴ። ጀርመን ውስጥ እጅ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እርጥብ ሆኖ የሚውልበት ሥራ በሕግ «እርጥብ ሥራ» ይባላል፤ አሠሪው መከላከያ ማዘጋጀት አለበት። እኛ ጋ የበዓል ዋዜማ ላይ 2 ሰዓቱ ከምሳ በፊት ያልፋል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። በጥቁርና በቡናማ ቀለሞች ውስጥ ያለው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል፣ ፀጉር በሚያነጣው ዱቄት ውስጥ ያለው ፐርሰልፌት ዋነኞቹ ናቸው። የተሰነጠቀ ቆዳ በሩን ይከፍትላቸዋል። ሰውነት ፒፒዲን አንዴ ከጠላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይታረቅም። ተንኮሉ ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ሰኞ የነካሽው ቀለም ረቡዕ ያሳክክሻል፣ አንቺ የረቡዑን ሻምፖ ትረግሚያለሽ።

በልጅነትሽ ችፌ ከነበረብሽ፣ ወይም ለሠርግ የተቀባሽው ጥቁር ሂና ቆዳሽን ውሃ አስቋጥሮት ከነበረ፣ ሥራ ሳትጀምሪ ለአስተማሪሽ ንገሪ። ንጹሕ ሂና ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ያ ድፍን ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የገባበት ነው።

ከዚያ ጓንት

ቀለበትሽን አውልቂና አስቀምጪ፤ ሳሙና ከሥሩ ተደብቆ ይውላል። ጓንቱ ናይትሪል የሚባለው ይሁን። ላቴክሱ ራሱ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፣ ቫዝሊን ሲነካው ደግሞ ይሳሳል። አንገቱ ረዘም ያለውን ፈልጊና ጫፉን ወደ ውጭ እጠፊው፤ እጅሽን ስታነሺ ውሃው ወደ ክንድሽ አይወርድም።

የምናጠፋው የት መሰለሽ? ቀለም ስንቀባ ጓንት እናደርጋለን። ቀለሙን ስናለቀልቅ እናወልቀዋለን። ያ ሁሉ ፒፒዲ እኮ በውሃው ላይ አብሮ እየወረደ ነው። ስለዚህ አድርገሽ አለቅልቂ። ደንበኛዋ የሚቆረጥ ነገር ካላትም መጀመሪያ ቁረጪ፣ ቀለሙ በኋላ ይምጣ። አዲስ ቀለም የተቀባ ፀጉር በባዶ እጅ እየያዙ መቁረጥ ያው መቀባት ማለት ነው።

የተጠቀምሽበትን ጓንት ገልብጠሽ፣ አጥበሽ፣ አድርቀሽ ደግመሽ እንዳታደርጊ። ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ከቆዳሽ ጋር ተጣብቆ ይውላል፣ ከባዶ እጅ ይብሳል። «ጓንት እኮ በጣም ተወደደ» የምትል ባለቤት አትጠፋም፤ ለእሷ መልሱ የአንድ ቀለም ዋጋና የአንድ ጥንድ ጓንት ዋጋ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልሰው ክሬም) ሲሆን ጨዋታ የለም። ብዙዎቹ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለባቸው ናቸው፣ ቆዳ ያቃጥላሉ። «ትንሽ ነው» ብለሽ በጣትሽ አትንኪ። ከነካሽ ወዲያው በብዙ ውሃ አለቅልቂ።

ሲደርቅና ሲመሽ

ለብ ባለ ውሃ እጠቢ። እጅሽን በንጹሕ ፎጣ አድርቂ፣ የጣትሽን መሃል አትርሺ፤ ነገሩ የሚጀምረው እዚያው ነው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት፣ ከምሳ በኋላና ወደ ቤት ስትሄጂ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቢ። ማታ ቫዝሊን ደፈቅ አድርገሽ የጥጥ ጓንት አጥልቀሽ ተኚ። ቤት ስትደርሺ በኦሞ ልብስ ማጠብ የሚጠብቅሽ ከሆነ ያንንም በጓንት አድርጊው፤ ቆዳ ሥራና ቤት አይለይም።

እጅሽ ላይ የቀረ ቀለም በበረኪና ወይም በሎሚ አይለቀቅ። በቀናት ውስጥ በራሱ ይለቃል።

ሁለት ሦስት ተማሪዎች ካላችሁ ማጠቢያውን ተከፋፈሉት። አንዷ ስታጥብ ሌላዋ ፎን ትያዝ።

ከጀመረሽ

በእረፍት ቀንሽ ይሻልሻል፣ ሥራ ስትመለሺ ይነሳብሻል? እንግዲያው ከሥራው ነው። ጓደኛሽ የሰጠችሽን የቱቦ ቅባት አትቀቢ። የፈንገስ ቅባት ችፌን አያድንም፤ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ ያለ ሐኪም ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል። ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል አለ። የትኛው ኬሚካል እንደሆነ ለመለየት በጀርባ ላይ ለ2 ቀን ተለጥፎ የሚቆይ ምርመራ አለ። ሐኪሙ ሲያነሳው ያየዋል፣ ከቀናት በኋላም ደግሞ ያየዋል። ስትሄጂ የምትነኪያቸውን ቀለሞች ካርቶን በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ የውስጡ ዝርዝር የተጻፈው እሱ ላይ ነው።