ጸሐፊዎች በጋራ የሚመሩት የጓሮ አትክልት ድረ ገጽ አጀማመር

ሰው ለጓሮ አትክልት ምክር የሚከፍለው በነጻ የሚያገኘው ምክር ከሚኖርበት አካባቢ ጋር አልገጥም ሲለው ነው። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። «የቲማቲም ችግኝ በጥቅምት ይተከላል» የሚል ጽሑፍ ውኃ ላለው የባቱ ሰው ይጠቅማል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ችግኙን ውርጭ ይፈጀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጸሐፊዎቹን አሰባስቡ። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል፤ ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ ቢያንስ አንድ አንድ ይኑር፤ ሁሉም ራሳቸው የሚያለሙ ይሁኑ።

ቀጥሎ ስምምነት ነው፤ አንድ ብር እንኳ ሳይገባ በጽሑፍ ይፈረም። ገንዘብ ከመጣ በኋላ የሚጀመር ድርድር ወደ ጠብ ያመራል። ጽሑፉ የጸሐፊው ንብረት ሆኖ ይቆይ፣ ድረ ገጹ የማውጣት ፈቃድ ብቻ ይኑረው፤ ጸሐፊው ቢለቅ ጽሑፉ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይጠቀስ፤ ሁለት ዓመት ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው በዶሜይኑ፣ ማለትም በድረ ገጹ የኢንተርኔት አድራሻ ስም በኩል ነው። በአንድ ሰው ኢሜይል ይመዘገባል፣ ሰውየው ይለቃል ወይም ስልኩ ይጠፋል፣ የእድሳት ቀኑ ያልፋል፣ ድረ ገጹም አብሮ ይጠፋል። በጋራ ኢሜይል አስመዝግቡት፤ የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች ይያዙት።

ለክፍያ ጎስት የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ አመቺ ቢመስልም የደንበኝነት ክፍያ የሚሰበስበው ስትራይፕ በተባለ የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ነው፤ ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ላለ የንግድ ሒሳብ አይሠራም። ዎርድፕረስ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ አባልነትን ከሚያስተዳድር ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ጋር አድርጉና ቴሌብርና ባንክ ከሚቀበል እንደ ቻፓ ካለ አገልግሎት ጋር አገናኙት። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቀድሞ ይውጣ። በየወሩ ክፈሉ ከማለት የዓመት ማስከፈል ይሻላል፤ በየወሩ መክፈልን ሰው ይረሳዋል። ጊዜው ሊያልቅ 14 እና 3 ቀን ሲቀረው በአጭር መልእክት አስታውሱ።

የገቢው ክፍፍል በጸሐፊዎቹ መካከል በነጥብ ይሁን፦ አዲስ መመሪያ 5፣ የነባር ጽሑፍ እድሳት 3፣ ለደንበኛ ጥያቄ የተሟላ መልስ 1። 200 ሰው በዓመት 600 ብር ቢከፍል 120,000 ብር ይሆናል። ወጪና ግብር 40,000 ቢወስድና የዓመቱ ነጥብ በድምሩ 400 ቢሆን፣ አንድ ነጥብ 200 ብር ነው። የእድሳትን ነጥብ ዝቅ ካደረጋችሁት ሁሉም አዲስ ብቻ ይጽፋል፣ አሮጌው ስሕተቱን ይዞ ይቀራል። ቱታ አብሰሉታ የተባለው የቲማቲም ትል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ተጽፎ ያልታደሰ የቲማቲም መመሪያ ዛሬ አንባቢውን ያከስራል።

እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የሚሠራበት ከፍታ፣ ወሩና መጨረሻ የታየበት ቀን ይቀመጥ። «ትንሽ ፍግ ጨምሩ» አይበቃም፤ «በካሬ ሜትር 2 ኪሎ የተብላላ ፍግ» በሉ። የቲማቲም ገጽ ለምሳሌ ይህን ያህል ይናገር፦ ችግኝ ከ30 እስከ 35 ቀን ሲሆነው፣ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ አመሻሽ ላይ ወደ መደብ ይዛወራል፤ በችግኞች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል 1 ሜትር። ቅጠሉ ላይ ውስጡ ተበልቶ ስስ ቆዳ ብቻ የቀረበት ነጣ ያለ ቦታ ከታየ ቱታ ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉን ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። ለገጹ ያንን ቅጠል ወደ ብርሃን ይዛችሁ በቅርብ ፎቶ አንሡት፤ ትሉ ውስጡ ይታያል፣ አንባቢውም ከራሱ ቅጠል ጋር ያስተያያል። ብዙ ሰው የሚያነበው በስልክ ዳታ ስለሆነ ፎቶው ከ150 ኪሎባይት አይብለጥ።

ማስከፈል የምትጀምሩት 30 መመሪያ ሲኖራችሁ ነው፤ ከእነሱ 8ቱ ለሁሉም ክፍት ይሁኑ። በሚያዝያ ክፈቱት፤ አንባቢው መደብ ለማዘጋጀትና ፍግ ለማብላላት ከሰኔ ዝናብ በፊት ጊዜ ያገኛል።