ከሰናፍጭ ጋር የተጨመቀ አርጌሞንን እንዴት እንለያለን?

አርጌሞን ቢጫ አበባና እሾሃማ ቅጠል ያለው አረም ነው፤ ግንዱ ሲሰበር ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። በአገራችንም ይበቅላል። ፍሬው ከሰናፍጭ ጋር ተደባልቆ ሲጨመቅ ሳንጉናሪን የተባለው መርዝ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በ1998 እ.ኤ.አ. በሕንድ ዴልሂ ከተማ ከ60 በላይ ሰዎችን የገደለው ይኸው ነበር።

መርዙ ከሚያጠቃቸው አንዱ በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለው የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ነው። ይህ ኢንዛይም አንድ ኤቲፒ (ለሕዋስ ኃይል የሚሰጥ ሞለኪውል) በሰበረ ቁጥር 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ሲታገድ ሶዲየም ውስጥ ይከማቻል፣ የሕዋሱ ሚዛን ይናጋል። መርዙ የሚያስከትለው የእግር እብጠት ግን የፓምፑ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፍተው ፈሳሽ ያሾልካሉ።

ዋናው ምርመራ ከመጭመቂያው በፊት ነው። ከጆንያው አናት ብቻ ሳይሆን ከመሃሉና ከሥሩም እፍኝ እፍኝ ወስደው ነጭ ወረቀት ላይ ይበትኑ፤ በአጉሊ መነጽር ይዩ። ሰናፍጭ ልሙጥ ነው፤ አርጌሞን መረብ የለበሰ ይመስል ሻካራ ነው። የተጠራጠሩትን ፍሬ በማንኪያ ጀርባ ይጨፍልቁት፦ የሰናፍጭ ውስጡ ቢጫ፣ የአርጌሞን ነጭ ነው። መጠናቸው ስለሚቀራረብ ወንፊት ላይ መተማመን አይገባም።

ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ምርመራው የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ጓንትና መነጽር አድርገው፣ ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ፣ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት ላይ 5 ሚሊ ሊትር ያልቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ጨምረው በቀስታ ያነቃንቁ። አሲዱ ከባድ ስለሆነ ሥር ይዘቅጣል፤ እሱ ወደ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቡናማ ከተለወጠ አርጌሞን ይጠረጠራል። ንጹሕነቱ በተረጋገጠ ዘይት ሁለተኛ ቱቦ ጎን ለጎን ካልሠሩ ውጤቱን አይመኑ፤ ሌሎች ዘይቶችም ቀለም ያሳያሉ። ቀለም አለመታየቱም ነጻ አያወጣም፤ ጥቂት መጠን ያመልጣል። ማረጋገጫው ቀጭን ንጣፍ ክሮማቶግራፊ የተባለው፣ በዘይቱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ለያይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ዘዴ ነው። ድብልቁን በተከደነ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ጋዝ ፈጥሮ ይፈነዳል።

ከአንድ ዘይት የሚመገቡ ቤተሰቦች ሁለቱም እግራቸው አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ዘይቱ ወዲያው ይቁም፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ማፍላት መፍትሔ አይደለም። የተረፈውን ዘይት ግን አይድፉት፤ ከነጠርሙሱ ለምርመራ ይውሰዱት።