ተጽፈው የማይነበቡ፦ በእንግሊዝኛ ዝምተኛ ፊደላት የምንሠራቸው ስህተቶች

7ኛ ክፍል እያለሁ ተነስቼ እንዳነብ ታዘዝኩ። አንድ ልጅ ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ የሚል ታሪክ ነው። ጉልበት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ በሙሉ ድምፄ «ክኒ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ «ኒ» ነው የሚባለው። ኬዋ እዚያ ቁጭ ትላለች እንጂ አትናገርም።

አይፈረድብኝም። ያደግነው የተጻፈው ፊደል ሁሉ በሚነበብበት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይነት ዝምተኞች ሞልተውታል።

አትነበብም ብሎ አለመጻፍ

እንደ እኔ አንብቦ መሳሳት በአንድ ቀን ሳቅ ይታረማል። የባሰው በጽሑፍ ፊደሏን መጣል ነው። አንድ ጓደኛዬ አለቃው ስብሰባው መቀየሩን በስልክ ሲጽፉለት «አውቃለሁ» ሊል ፈልጎ «አይ ኖ» ብሎ መለሰ። ችግሩ ኬንም ደብሊውንም ጥሎ ኤንና ኦን ብቻ መጻፉ ነው። ሰውዬው እምቢ ያላቸው መስሏቸው ደውለው «ለምን?» አሉት።

«ናይት» ያለ ኬ ሌሊት ነው። ኬ ሲጨመርበት ጋሻና ጦር ይዞ በፈረስ የሚዋጋ የድሮ ዘመን ባላባት ይሆናል። «ኒው» ያለ ኬ አዲስ፣ በኬና በኤን ሲጀምር ደግሞ «አወቀ» ማለት ነው። «ኖት» ያለ ኬ «አይደለም» የሚል አፍራሽ ቃል፣ በኬ ቋጠሮ።

ኬዋን ትርፍ ናት ብሎ ማሰብ

ድሮ ትነበብ ነበር። ከአፍ የጠፋችው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው፤ ከወረቀት ግን አልወጣችም። ጀርመኖች ዛሬም ጉልበትን «ክኒ» ነው የሚሉት። ያን ቀን ጀርመን አገር ብማር ኖሮ ማንም አይስቅብኝም ነበር።

እኛም ቤት አለ። ሠ እና ሰ በአፋችን አንድ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ግን «ሰአሊ ለነ» ለምኚልን፣ «ሠዐሊ ለነ» ደግሞ ሥዕል ሣዪልን መሆኑን ያውቃል። ድምፁ ቢሞትም ፊደሉ ትርጉም ይጠብቃል።

ቢን ሁሉ ዝም ማሰኘት

ቃሉ በኤምና በቢ ካለቀ ቢ አትነበብም። «ታም» አውራ ጣት ነው። «ክላይም» ሽቅብ መውጣት ነው። «ላም» የበግ ግልገል ነው፣ የእኛዋን ላም እንዳትጠሩ ብቻ። «ቦም» እኛ ቢዋን ጠርተን ቦምብ የምንለው ነው፤ ይህን ልማድ ይዘን እንግሊዝኛው ውስጥ ስንገባ እንታወቃለን።

አናባቢውስ? እዚህ ላይ መገመት አያዋጣም። ማበጠሪያ «ኮውም»፣ መቃብር «ቱም»፣ ቦምቡ ደግሞ «ቦም» ይባላሉ። ሦስቱም የሚያልቁት በኦ፣ በኤምና በቢ ነው። ድምፃቸው ግን ለየቅል ነው። ጆሮ እንጂ ደንብ አያድናችሁም።

ደንቡን የያዘ ሰው ደግሞ ያጋንነዋል። «ነምበር»፣ «ሜምበር»፣ «ሪሜምበር» ላይ ቢዋ መሃል ስለሆነች ትነበባለች። «ክላይመር» ላይ ግን አትነበብም፤ ግንዱ «ክላይም» ነውና። የቧንቧ ሠራተኛም «ፕላመር» ነው። ስሙ የመጣው ላቲኖች እርሳስ ለሚባለው ብረት ከሰጡት ስም ነው፤ ሮማውያን ቧንቧ የሚሠሩት በእርሳስ ነበር። በጣም የሚገርመኝ ግን አንድ ነው። ቁጥር የሚለው «ነምበር» እና «ይበልጥ የደነዘዘ» የሚለው «ነመር» አጻጻፋቸው አንድም ፊደል አይለያይም። የሚለያቸው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

ዕዳ የሚለው «ዴት» ላይ ያለችው ቢ ሌላ ጉድ ናት። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ቢ አልነበረችውም። ሊቃውንት ላቲኑን እንዲመስል ብለው በኋላ ሰነቀሯት። ለመጻፍ ከተቸገራችሁ ባንክ ቤት ያለውን «ዴቢት» አስቡ፤ እሱ ላይ ቢዋ ትናገራለች።

ዝርዝሩን መሸምደድ

ደብተር ላይ በደብሊውና በአር የሚጀምሩ፣ ደብሊዋ ግን የማትነበብባቸው 20 ቃላት ደርድሮ መሸምደድ የተለመደ ነው። በሳምንቱ ይጠፋል። ይልቅ ትርጉማቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። «ሪስት» የእጅ አንጓ ነው። «ሪንግ» የታጠበ ልብስ መጭመቅ ነው። «ሬስል» መታገል፣ «ሪዝ» የአበባ ጉንጉን፣ «ሬንች» ብሎን የሚፈታበት ቁልፍ። ልብስ ስትጨምቁ እጃችሁ ምን ይሠራል? ይጠመዘዛል። ሁሉም ውስጥ መጠምዘዝ አለ። ስህተት የሚለው «ሮንግ» እንኳ መነሻው «ጠማማ» ነው። እኛም ክፉውን ሰው ጠማማ እንለው የለ?

በኬና በኤን የሚጀምሩትም እንዲሁ ብዙዎቹ እብጥ ያለ ነገር ናቸው፦ ጉልበት፣ «ናክል» የሚባለው የጣት መገጣጠሚያ፣ «ኖብ» የሚባለው ድቡልቡል የበር እጀታ፣ ቋጠሮ። ግን ይህንንም አታጋኑት። «ናይፍ»ም በኬና በኤን ነው የሚጀምረው፤ ቢላ ደግሞ ምኑም አያብጥም።